ውዳሴ ቮልስ

ዓለም ሁሉ የተስማማበት አንድ የሞኝ እምነት አለ። አዲስ መኪና ከመሸጫው ግቢ ወጥታ አስፋልት የረገጠች ዕለት ዋጋዋ መውረድ ይጀምራል ይላሉ። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያነሰ፣ አሥር ዓመት ሲሞላት ለልጅ መለማመጃ ትሆናለች፤ ሃያ ሲያልፋት ወደ ብረት ማቅለጫ ትሄዳለች። መኪናን ያህል ነገር የሠሩት ጀርመኖች ሳይቀሩ እስከ ዛሬ ይህን ማመናቸው ያሳዝናል። የአዲስ አበባ ሰው ግን ማንም ሳያስተምረው ስሕተቱን አርሞታል። እኛ ዘንድ መኪና ዕድሜዋ በገፋ ቁጥር ትወደዳለች። በሯ አልዘጋ ሲል ዋጋዋ ይጨምራል። ዝገቱ ወለሏን በልቶ አስፋልቱ ከእግር ሥር መታየት ሲጀምር ደግሞ ባለቤቷ “ለድርድር አትቀርብም” ይላል። ለዚህ ጥበብ እስካሁን ሐውልት ስላልቆመለት፣ ቢያንስ አንድ ውዳሴ ይገባዋል።

ከአሮጌ መኪኖቻችን መካከል ለውዳሴው የተመረጠችው ቮልስ ናት። ዲኤክስ፣ ላዳና ፔጆ 404 ቅር አይበላቸው፤ ተራቸው ይደርሳል።

ቮልስ፣ ሻጮቿ እንደሚምሉላት፣ ብርቅ ናት። እውነታቸውን ነው። ፋብሪካዎቿ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን ጥቂት ፈቀቅ ያለ ቁጥር ብቻ ነው ያመረቷት። በ1972 እ.ኤ.አ. የፎርድን “ሞዴል ቲ” ክብረ ወሰን የሰበረችው ብዙ በመመረቷ ነበር፤ የመጨረሻዋም ሜክሲኮ ውስጥ ከፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ደመወዝተኛ ሰው ቆጥቦ እንዲገዛት ታስባ የተሠራችን፣ በዓለም ላይ እጅግ በብዛት ከተመረቱት አንዷ የሆነችን መኪና ዓይን እያዩ “ከእንግዲህ እንዲህ ያለ አያገኙም” ብሎ መሸጥ ቀላል ችሎታ አይደለም። ደመወዝተኛውም ቢሆን አልተረሳም፤ ቆሞ እንዲያያት ይፈቀድለታል።

ስለ አሠራሯ የሚነገረው ሁሉ ትክክል ነው። ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣ ማስቀመጫዋ ከፊት፣ ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም፤ ውሃ አትጠይቅም። ባለ 1300 ሲሲዋ ከፋብሪካ ስትወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ከአርባዎቹ ፈረሶች ዛሬ ስንቱ በሕይወት እንዳሉ ለማወቅ ወደ እንጦጦ ዳገት መውጣት ያስፈልጋል፤ ሻጩ ግን ለሙከራ ሁልጊዜ የሚመርጠው ቁልቁለቱን ነው። ገዢውም በመስኮት ነፋስ እየገባለት “ጉልበት አላት!” ይላል።

ከዚያ ደግሞ ታሪኳ አለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዞ የወጣው በቮልስዋገን ነበር። በሮልስ ሮይስ የኖሩት ንጉሥ በኋላ ወንበሯ ተቀመጡ፤ ከዚህ በላይ ማስታወቂያ ያገኘ መኪና በአገራችን የለም። በዚያች ዕለት የታየችው ቮልስ አንዲት ነበረች። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ግን ተባዝታለች። አንዱ ሻጭ የእሱ መኪና “ከዚያችው ጋር በአንድ መርከብ የገባች” መሆኗን ይነግርዎታል። ሌላው የዚያችን ሾፌር አጎት ያውቃል። ሦስተኛው ምንም አይናገርም፤ የኋላ ወንበሩን በመዳፉ ቀስ አድርጎ ይደባብስና ዝም ይላል፤ የእሱ ዝምታ ከሁለቱ ወሬ ይበልጥ ያስከፍላል።

መንግሥትም ለቮልስ ያላደረገው ነገር የለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ሲጥል ዓላማው ከውጭ የሚመጣው ያገለገለ መኪና እንዲቀንስ ነበር። የቮልስ ባለቤቶች አዋጁን በጥሞና አነበቡና እነሱን እንደሚመለከት ተረዱ። መኪናቸው ከገባች ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ ቀረጥዋም በሳንቲም ተከፍሎ አልቋል፤ ቢሆንም አገር ሲጨምር ብቻቸውን መቅረት ነውር ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለከል እንደገና ጨመሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅማ የጠዋቱ ዋጋ ለምሳ ሰዓት አልደረሰም።

እዚህ ላይ የሂሳብ ችሎታቸውን ሳላደንቅ ማለፍ አልችልም። መኪናዋ የገባችው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ከሃምሳ ሳንቲም በሚመነዘርበት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ዶላር አልወጣባትም። ባለቤቷ ግን ከባንኮች ሁሉ ቀድሞ የዕለቱን ምንዛሪ ያውቃል። “ዶላር ጨመረኮ፣ ወንድሜ!” ይላል፤ እርስዎም አንገትዎን ይነቀንቃሉ፤ ዶላርና ይህች በር ምን እንዳገናኛቸው ለመጠየቅ አያስደፍርም። ዶላር ጥቂት የወረደ ዕለትስ? ያ ጊዜያዊ ነው። የወረደ ነገር ሁሉ ጊዜያዊ ነው፤ የጨመረው ብቻ እውነተኛ ነው።

ገዢውን ካላመሰገንሁ ግን ፍትሕ ይጓደላል። እሱ ባይኖር ይህ ሁሉ ጥበብ የት ይደርስ ነበር? ገዢው ከቤቱ ሲወጣ “ርካሽ ነገር ፍለጋ” ነው የሚወጣው። የዘመኑ መኪና አልቀመስ አለ፤ የኤሌክትሪኩ ባትሪ አያስተማምንም፤ “እስቲ አንድ ቮልስ ቢጤ” ይላል። ይህን በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚሉት ሰዎች ብዙ ናቸውና ርካሹ ነገር ሳምንቱ ሳያልቅ ውድ ይሆናል። ገዢዎቹ ሁሉ ማታ ማታ ተሰብስበው “ይህን ዋጋ የሚያስወድደው ማነው?” እያሉ ይመክራሉ። እስካሁን አልደረሱበትም።

ለምርመራ ሲሄድ ብቻውን አይሄድም፤ “መኪና የሚያውቅ” ዘመድ ይከተለዋል። ዘመድየው ኮፈኑን ይከፍታል፤ ውስጡን ሻንጣ ማስቀመጫ ሆኖ ሲያገኘው ድንጋጤውን ውጦ “ንጹሕ ነው” ይላል። ከዚያ አካሏን በጣቱ ያንኳኳል። ብረት ድምፅ ይሰጣል፤ ስቱኮ አይሰጥም። በዚህች ቮልስ ላይ ብረት ቀርቶ ስቱኮው ራሱ በስቱኮ ተለስኗል። “ትንሽ የባትላሜራ ሥራ ነክቷታል” ይላል ዘመድየው። ትንሽ! መኪናዋ ከባትላሜራ ቤት የወጣችበት ዘመን ቢኖር ለሊብሬዋ እድሳት የሄደችበት ብቻ ነው ቢባል እንኳ “ትንሽ” ማለቱን አይተውም፤ እንዲህ ያለ የዋህነት በገበያ ላይ እንደ ወርቅ ነው።

ስለ ስሪት ዘመኗም አስደሳች ጭውውት ይደረጋል።

“ሞዴሏ ስንት ነው፣ ጋሼ?”

“ስልሳ ስምንት።”

“በእኛ ነው በፈረንጅ?”

“አንተ በየትኛው ብትገዛት ደስ ይልሃል?”

በበጋ ከዋሽንግተን ዲሲ የሚመጣው ወንድማችን ለብቻው መመስገን አለበት። አባቱ ቮልስ ነበራቸው፤ ልጅነቱን ያሳለፈው በኋላ መስኮቷ ሥር ባለችው ጠባብ ቦታ ተኝቶ ነው። ስለዚህ ዋጋ አይጠይቅም፤ ሽታዋን ያሸትና ይከፍላል። የተጠየቀውን ሁሉ ሳይከራከር መክፈሉ በሰፈሩ ይሰማል። በማግሥቱ የቆሙት፣ የተነቀሉት፣ ዶሮ የሚያድርባቸው ቮልሶች ሁሉ በእሱ ዋጋ ይተመናሉ። እሱ ወር ሳይሞላው ይመለሳል። መኪናዋ እህቱ ግቢ ትቀራለች፤ እህቱም ልብስ ታሰጣባታለች።

ግዢው ከተፈጸመ በኋላ ያለው ሥነ ሥርዓትም ያማረ ነው። ቮልስ አትነዳም፤ ትቀመጣለች። ሸራ ትለብሳለች። ቅዳሜ ጠዋት ሸራዋ ይገለጣል፤ ሞተሯ ይነሣል፤ ጎረቤት ይነቃል፤ ጭሱ ከግቢ ወጥቶ ሳያልቅ ሸራው ይመለሳል። ባለቤቷ ሰኞ ሥራ የሚሄደው በታክሲ ነው፤ ሰልፍ ቆሞ፣ ዝናብ እየመታው፣ ግን ባለ ቮልስ ሆኖ። ለምን አትነዳትም ቢሉት በርኅራኄ ያይዎታል። መንዳትማ ዋጋዋን ያወርዳል።

ሽሙጡን ለአንድ አፍታ ላቆም። ሶማሌ ተራ ሲገቡ፣ ወይም በየሰፈሩ ጥጋጥግ ባሉ ጠባብ ጋራዦች፣ እነዚህን መኪኖች በእውነት የሚያውቁ አዛውንት መካኒኮች አሉ። ዕቃው ከውጭ መምጣት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ እነሱ ግን ካርቡራቶሩን ከሦስት ሬሳ አንድ አድርገው ያስነሡታል፣ የጎደለውን ቁራጭ ከሌላ መኪና ብረት ሞርደው ያገጥሙታል። ድምፁን ሰምተው የታመመውን ሲሊንደር ይነግሩዎታል። መኪናዋ በመቶ ሺዎች ስትጨምር የእጅ ዋጋቸው ብዙም ፈቀቅ አላለም። “ጋሼ፣ ትንሽ ቀንስልኝ እንጂ!” የሚላቸውም ያው ዶላር ጨመረ ብሎ የሸጠው ሰው ነው። ይህን አላደንቀውም።

ወደ ውዳሴያችን እንመለስ። ከሁሉ በላይ የማከብረው ሲስማሙበት ዋጋውን የሚያስወድደውን ሻጭ ነው። ገዢ ተከራክሮ፣ ተለማምጦ፣ ደላላው መሐል ገብቶ፣ በመጨረሻ “እሺ፣ ባሉት ልግዛ” ሲል ሻጩ ይደነግጣል። ሰው ባሉት ከገዛ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው፤ የተሳሳተው ደግሞ ሻጩ መሆን አለበት። “እስቲ ከቤተሰብ ጋር ልማከርበት” ይላል። ቤተሰቡ ይሰበሰባል። ለሃያ ዓመት መኪናዋን “ይህን ቆሻሻ ከግቢ አውጣልን” ሲሉ የኖሩት ሚስቱ አሁን ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፤ ልጆቹ የልጅነት ትዝታቸውን ያነሣሉ። ከስብሰባው አንድ ውሳኔ ይወጣል፤ መቶ ሺህ ብር ይጨመር።

ገዢውም ይጨምራል። ያ ነው የሚያስደንቀው። ቀብድ ይዞ ይሄዳል፤ ደላላው መንገድ ላይ ይጠብቀዋል።

“ወንድሜ፣ አዝናለሁ፤ ጋሼ ሐሳባቸውን ለውጠዋል። መኪናዋን አይሸጡም።”

“ባሉት ጨመርሁላቸው እኮ!”

“እሱ ነው ያስፈራቸው። ግን ባዶ እጅህን እንዳትመለስ ብለው፣ የፊት ፓራውልቷን ለብቻው ሊሰጡህ ፈቅደዋል። ዋጋው ባለፈው ለመኪናዋ የተነጋገራችሁበት ነው።”