ለአስታማሚው የሚነገረው፣ ለታማሚው የማይነገረው

ጎጃም ውስጥ ሆስፒታል የተኛ ሰው ብቻውን አይታመምም። ደብረ ማርቆስ ሂዱ፣ ፍኖተ ሰላም ሂዱ፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሂዱ፤ አልጋው ሥር ጋቢ አንጥፎ የሚያድር አስታማሚ፣ ግቢው ውስጥ ፔርሙስና ሰሃን በፌስታል ይዞ የጥየቃ ሰዓት የሚጠብቅ ዘመድ አይጠፋም። አጥሚቱን የሚያጠጣው፣ ሽንት ቤት የሚያደርሰው፣ የታዘዘውን መድኃኒት ከውጭ ገዝቶ የሚያመጣው፣ ሌሊት ሲያቃዠው «አይዞህ፣ በስመ አብ በል» የሚለው አስታማሚው ነው። እኔ በነርስነት በምሠራበት በካሊፎርኒያ ይህ አብዛኛው የነርሷና የረዳቷ ሥራ ነው። ሥራው እንዲቻልም ሕግ አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ከ2004 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ይህ ሕግ፣ በዛሬው ደንቡ አንዲት ነርስ በውስጥ ደዌና በቀዶ ሕክምና ክፍል ከ5 በላይ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ደግሞ ከ2 በላይ ታማሚ እንዳይሰጣት ይከለክላል።

ልዩነቱን ሁሉ በገንዘብና በሰው ኃይል እጥረት አሳበን እንዳናልፈው የምፈልገው አንድ ጉዳይ አለ። ታማሚውን ራሱን የሚያናግረው ማን ነው?

አክስቴ ታመው ጎጃም ውስጥ አንድ ሆስፒታል በተኙ ጊዜ አስታማሚ ሆኜ አድሬያለሁ። ነርሷ ትገባለች፤ ግሉኮሱን ትቀይራለች፤ መርፌውን ትወጋለች፤ ካርዱ ላይ ትጽፍና ትወጣለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እጇ ቀልጣፋ፣ ሥራዋን የምታውቅ ናት። ክፍሉ ግን ሞልቶ ኮሪደሩ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል፤ ተረኛዋም እሷው ብቻ ነበረች። የምርመራው ውጤት ሲመጣ የአክስቴን ልጅ ወደ በሩ ጠርታ በሹክሹክታ ነገረችው። «ለሳቸው እንዳትነግሯቸው፤ ይደነግጣሉ» አለችው። ፊቱን አስተካክሎ ተመልሶ ተቀመጠ። አክስቴ ግን ዓይናቸውን ከበሩ ላይ አላነሱም ነበር። ሌሊት እሱ እንቅልፍ ሲወስደው፣ «አንቺ ልጄ፣ እስቲ ንገሪኝ፤ ደጅ ወስዳ ምን አለችው?» አሉኝ። እጃቸውን ይዤ እሳቸው የሚያውቁትን አስቀድሜ ጠየቅኋቸው። ሆዳቸው ውስጥ ያለው እብጠት ክፉ መሆኑን ማንም ሳይነግራቸው ገምተውታል። ያስጨነቃቸው ሞቱ አልነበረም። የንስሐ አባታቸው ሳይመጡላቸው፣ ለልጆቻቸው ቃል ሳይሰጡ፣ ከእኩል አራሻቸው ጋር ያለውን ሂሳብ ሳይናገሩ እንዳይቀሩ ነው የፈሩት። እኛ እንዳይጨነቁ ብለን ዝም ያልነው ብቻቸውን እንዲጨነቁ አደረጋቸው።

ይህን የሚያብስብኝ ክፉ ወሬ መንገር የማያውቅ ሕዝብ አለመሆናችን ነው። ጎጃም መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃል። የቅርብ ዘመዶችና ሽማግሌዎች ይማከራሉ፤ ማን እንደሚናገር ይወሰናል፤ መርዶ የሚነገራት ሴት እህል መቅመሷ፣ ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆኗ፣ ልቧ ደካማ እንደሆነ ይታሰባል፤ ለጎረቤት ይነገርና ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ይኬዳል። ከተነገራት በኋላም ጥሏት የሚመለስ የለም። ባሕር ማዶ ክፉ ዜናን ለታማሚ ስለመንገር ስማር ትዝ ያለኝ ይኸው ነበር። ስፓይክስ የሚባል፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ባለ 6 ደረጃ ዘዴ አላቸው፦ ቦታውን አመቻችቶ መቀመጥ፤ ታማሚው የሚያውቀውን መጠየቅ፤ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ መጠየቅ፤ በቀላል ቃል መንገር፤ ቢያለቅስም ቢቆጣም ስሜቱን መቀበል፤ ከዚያ ቀጣዩን አብሮ መምከር። አብዛኛውን ሽማግሌዎቻችን ሲያደርጉት አድገናል። ሦስተኛው ግን የለንም። ታማሚውን «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። አንዳንዱ «ለልጄ ንገሩት፣ እኔ አልስማ» ሊል ይችላል፤ መብቱ ነው። ግን ይጠየቅ።

የምኖርበት አገር ደግሞ ጥያቄ አያልቅበትም። ሕመምዎ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው? ባለፉት 2 ሳምንታት ነገር ሁሉ አላስደስት ብሎዎታል? መልሱ የሚያሳስብ ከሆነ ባለ 9 ጥያቄው የድባቴ መጠይቅ ይከተላል፤ ለእያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ በአማርኛም ተተርጉሞ አዲስ አበባ ውስጥ በታካሚዎች ላይ ተፈትሿል። የመጨረሻው ጥያቄ ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት ነው። ከአገር ቤት የመጡ አንዲት እናት ይህን በስልክ አስተርጓሚ ሲጠየቁ አጠገባቸው ነበርኩ። አማተቡ፤ «ምን በደልኋት?» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከዚያ ወዲያ ለሚጠየቁት ሁሉ መልሳቸው «ደኅና ነኝ» ብቻ ሆነ። ጠያቂ የለ፣ ጎረቤት የለ፤ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ያያሉ። ተራዬ ሲያበቃ ወንበር ስቤ ስለ አገራቸው ሳጫውታቸው ነው «ልቤን ያቃጥለኛል፤ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ» ያሉት። የኛ ሰው ጭንቀቱን እንዲህ በልቡና በጭንቅላቱ ሕመም በኩል ነው የሚናገረው። ጎጃምም ውስጥ «ራሴን ይወቅረኛል» ብሎ መጥቶ የራስ ምታት ኪኒን ብቻ ይዞ የሚመለሰው ብዙ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስቡኝ ግን ተማሪዎቹ ናቸው። አክስቴ በተኙበት ክፍል ልምምድ ላይ ከነበሩት የነርስ ተማሪዎች ከአንዷ ጋር ተቀራርበን ነበር። የምሥራቅ ጎጃም ገጠር ልጅ ናት፤ ከቤተሰቧ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የመጀመሪያዋ። ምርጫዋ ሕክምና ነበር፤ ውጤቷ ነርሲንግ መደባት። ቤት ስትሄድ «ሐኪም ትሆኛለሽ ስንል» ይሏታል። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በስደት እንግሊዝ ሳሉ ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት መማሯን ስነግራት አላመነችኝም።

ተማሪዋ ልምምድ እንደጀመረች በሌሊት ተራዋ አንድ ሕፃን እጇ ላይ ሞተ። እናቲቱ ስትጮህ ኃላፊዋ «አስከሬኑን አዘጋጂ» አለቻት። አዘጋጀች። ጠዋት ክፍል ገብታ ፈተና ተፈተነች። «ከዚያስ ማን አናገረሽ?» አልኳት። «ማንም። ካለቀስሽ ሙያው አይሆንሽም ይሉሻል» አለችኝ።

በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ያን ሲያልፉ የሙያ ፈቃድ ፈተናው ይጠብቃቸዋል። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ነው። መንገድ ሲዘጋና ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ልጅቷ የእናቷን ደኅንነት ሳታውቅ የሰው እናት ታስታምማለች። ካሊፎርኒያ የማውቃቸው ተማሪዎችም ይደክማሉ፣ ዕዳ ያስጨንቃቸዋል፤ ግን የልምምዱ ቀን ሲያበቃ ከመምህራቸው ጋር ተቀምጠው ያዩትን ያወራሉ። የመጀመሪያ ሞቷን ያየች ተማሪ በዝምታ ወደ ቤቷ አትሸኝም።

ሰዉ የኛን ነርሶች «ቁጡ ናቸው» ይላል። በራውንድ (ሐኪሞች ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ታማሚ በሚያዩበት ሰዓት) መልስ አጥታ ታማሚ ፊት የምትሰደብ ተማሪ፣ ነገ ዋርድ (የሕሙማን ክፍል) ሲሰጣት አስታማሚ ላይ ብትጮኽ ከየት እንዳመጣችው ግልጽ ነው። የታማሚውን ልብ እንድታይ የምንፈልጋት ልጅ የሷን ልብ ያየላት ሰው ኖሮ አያውቅም።

እኛ በውጭ ያለነው ጓንት፣ አልጋ፣ የደም ግፊት መለኪያ እንልካለን። ይላክ፤ ያስፈልጋል። ነገር ግን መምህሩ ተማሪዎቹን ከዋርድ አውጥቶ ለ15 ደቂቃ ዛፍ ሥር ቢያስቀምጣቸውና «ዛሬ ምን ከበዳችሁ?» ቢላቸው በጀት አይጠይቅም። ነርሷም «እገሌ እባላለሁ፤ ዛሬ ሌሊት የማይዎት እኔ ነኝ፤ ይህ መድኃኒት ለዚህ ነው» ለማለት ግሉኮስ ከምትቀይርበት የበለጠ ጊዜ አይፈጅባትም። ያቺ ተማሪ ኔትወርክ ባገኘች ቁጥር በቴሌግራም ትደውልልኛለች፤ ስለ ፈተና እንጀምርና ስለ ዋርዱ ስናወራ እናመሻለን። እንዲህ የምትደውልለት ሰው የሌላት ብዙ ናት። በየአገሩ ነርስ ሆናችሁ የምትሠሩ የጎጃም ልጆች፣ ደብረ ማርቆስም ይሁን ባሕር ዳር ከሚማሩት አንዳንድ ተማሪ ያዙ፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ስጧት።