ለሱቄ አይፒ አድራሻ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቁጥር፦ የጠዋቱን ነው የማውቀው
ጉዳዩ፦ ቋሚ አድራሻ ስለመያዝ

የተከበርክ የሱቄ አይፒ አድራሻ፣ ሱቄን በኢንተርኔት የማገኝብህ ቁጥር ሆይ፣ እንደምን አደርክ? ለነገሩ ያደርከው አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ።

የምትኖረው ጎንደር ስለሆነ በታሪክ እንነጋገር። የድሮ ነገሥታት ድንኳን እየነቀሉ ከቦታ ቦታ ሲዞሩ ኖረዋል። አፄ ፋሲል ግን እንደ ፈረንጆቹ በ1636 ጎንደርን መናገሻ አደረጉ፣ ግንብ አሠሩ፣ አረፉ። አንተ ከዚያ ግንብ እልፍ ብሎ ፒያሳ ተቀምጠህ ዛሬም ድንኳን ትነቅላለህ።

መብራት ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ራውተሩ ጠፍቶ ይነሳል፣ አንተም ሌላ ቁጥር ሆነህ ትመጣለህ። ባለፈው ደባርቅ ለቅሶ ላይ ሆኜ የሱቁን ካሜራ ልክፈት ብል እምቢ አለኝ። ለልጁ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ቁጥሩ ተቀይሯል፤ ልንገርዎት?» አለ። እሱ ሲያነብ እኔ እየደጋገምኩ መዳፌ ላይ ጻፍኩ፣ ከነነጥቡ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት የዘመድ ስልክ መስሏቸው «ሳይረዳ የቀረ አለ እንዴ?» አሉኝ።

ከዚያ ነው ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ያስገባሁብህ። ለሱቁ የማይለወጥ ስም አወጣሁ። ራውተሩ አንተ በተቀየርክ ቁጥር ሄዶ ለስም መዝገቡ ያሳብቃል። እኔ ስሙን ብቻ እጽፋለሁ፣ ስሙ ወዳለህበት ይወስደኛል። አሮጌው ቁጥርህ ተይዞ የሚቆይበትን ጊዜም 60 ሰከንድ አደረግኩት። (የካሜራውን የይለፍ ቃል ሳይቀይር በሩን ለዓለም የከፈተ ጎረቤት አለኝ። የእሱ ደብዳቤ ለብቻው ይጻፋል።)

ነፃ ስም ስለያዝኩ በየ30 ቀኑ «አለሁ» ማለት ነበረብኝ። ጥምቀት ሰሞን ረሳሁት፣ ስሙም ተሰረዘ። እሺ፣ ይሄ የእኔ ጥፋት ነው።

የቅርቡ ግን ያንተ ነው። አንድ ቀን በ100.72 ጀምረህ ብቅ አልክ። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው የጓዳ ቁጥር መሆኑን ያወቅኩት ግማሽ ቀን ራውተሩን ከወቀስኩ በኋላ ነው። የውጭ ቁጥር ስላነሰ የኢንተርኔት አቅራቢው አንዱን ለብዙ ደንበኛ ያካፍላል፣ ለእያንዳንዳችን ደግሞ እንዲህ ያለ የውስጥ ቁጥር ይሰጠናል። በአንድ ግቢ እንዳሉ ተከራዮች በለው፤ ከመንገድ የመጣ እንግዳ የማንን በር ያንኳኳ? ምስኪኑ ራውተር ግን የጓዳ ቁጥርህን በታማኝነት አስመዘገበልኝ። ስሙ አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ ካሜራው የለም።

ቋሚ ቁጥር ልግዛ ብዬ ወርሃዊ ክፍያውን ስሰማ ካንተ ጋር መታገሉን መረጥኩ። አሁን ካሜራው ራሱ ወደ ውጭ ወጥቶ በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ውስጥ በሚዘረጋ የግል መስመር፣ እንዲፈልገኝ እያደረግኩ ነው።

መልስህን እጠብቃለሁ። ፖስታው ላይ ቁጥርህን የጻፍኩት በእርሳስ ነው፤ ላጲሱ ውስጡ አለ።

ከሰላምታ ጋር፣
ባለ ሱቁ

ግልባጭ፦
ለራውተሩ
ለመብራት (ስትመጣ)