ዲስኩ ያው፣ ማሽኑ አላውቅህም

ይሄ የድሮ ፍሎፒ (ኮምፒውተር ውስጥ እየከተትን ፋይል የምናስቀምጥበት ዲስክ) ነገር ዛሬም ያበግነኛል። ያው 5 ከሩብ ኢንች ዲስክ ነው። አፕል 2 ኮምፒውተር ላይ 140 ኪሎባይት ይይዛል፤ በ1981 እ.ኤ.አ. በወጣው አይቢኤም ፒሲ 160፤ በኮሞዶር 1541 ድራይቭ (የዲስክ ማንበቢያ) ደግሞ 170። አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም!

3 ተኩል ኢንች ሲመጣ ግልግል ነው ስንል ባሰ። የማክ (የአፕል ኮምፒውተር) 800 ኪሎባይት ድራይቭ ዲስኩን የሚያነበው ጭንቅላቱ ከዳር ወደ መሃል ሲሄድ የሞተሩን ፍጥነት ይቀያይራል። የፒሲው ሞተር ግን በአንድ ፍጥነት ነው የሚዞረው። እና በሶፍትዌር እንኳ አይታረቁም። የማኩን ዲስክ ፒሲ ውስጥ ስትከተው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ዝም። ከዚያ ዊንዶውስ ኮስተር ብሎ «ዲስኩ ፎርማት አልተደረገም፣ አሁን ላድርገው?» ይልሃል። ኧረ ተው! የሰው ፋይል እኮ ነው ያለበት፣ ፎርማት ሲደረግ ይጠፋል!