የራሳችን ፊልሞችም ለቤት ይሆናሉ

ቤት ሆነን የምናያቸውን ፊልሞች የሚጠቁመውን ጽሑፋችሁን ወድጄዋለሁ፤ ግን የተጠቆሙት ፊልሞች በሙሉ የውጭ ናቸው። እኛ ደብረ ማርቆስ ማታ ማታ ቴሌቪዥን የምናየው ቤተሰቡ ተሰብስቦ ነው። እናቴ ደግሞ ከአማርኛ ሌላ አትሰማም። ስለዚህ እኔም ልጨምር።

በመጀመሪያ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እዩልኝ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። በባላባት መሬት ላይ የሚለፋ የጭሰኛ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ቀስ ይላል፣ እውነት ነው። እባካችሁ እያሳለፋችሁ አትዩት! ሲታረስም፣ ልጅቷ ከብት ስትጠብቅም ካሜራው አይቸኩልም፤ ድካሙ የሚገባችሁ ለዚህ ነው። ጎጃም በአብዛኛው ገበሬው በዘር የወረሰውን መሬት የሚያርስበት የርስት አገር ስለነበር የጭሰኛን ኑሮ ብዙዎቻችን በወሬ ነው የምናውቀው። እናቴ እስኪያልቅ ዓይኗን አልነቀለችም።

ልጆች ካሉ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» (እ.ኤ.አ. 2015) ይሁን። አንድ ልጅ የሚወዳትን በግ ከመታረድ ለማዳን የሚያደርገው ጥረት ነው። በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው።

የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ»ንም እዩ፣ ግን ልጆቹ ከተኙ በኋላ። የደርግ ዘመን ግድያ አለበት።