ትርፌ ከሄደች በኋላ «ቤቶች» መቀጠል ነበረበት?

ሰብለ ተፈራን ብዙዎቻችን በ«ቤቶች» ሲትኮም ትርፌን ሆና ነው የምናውቃት። በሬዲዮ ደግሞ እማማ ጨቤ ነበረች። በ2008 ዓ.ም. የአዲስ ዓመት ዕለት በመኪና አደጋ አረፈች። አርባ ዓመት ገደማ ነበረች። ሲትኮሙ ግን ያለ እሷ ቀጠለ። ተወዳጅ ተዋናይ በለጋ ዕድሜው ሲቀጠፍ ሥራው ይቁም ወይስ ይቀጥል? ሁለት የሰሜን ሸዋ ሰዎችን በጽሑፍ አከራከርን። «ይቁም» ያሉት መሐል ሜዳ የሚኖሩ፣ በጡረታ ላይ ያሉ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። «ይቀጥል» የምትለው ደብረ ብርሃን ጠባሴ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፍታ ሚሞሪና ፍላሽ የምትሞላ ወጣት ናት።

መምህሩ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። የምወቅሰው ሟቿን ሳይሆን እኛን ነው።

የዚያን ቀን ነገር አልረሳውም። ቤቱ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ዶሮው ገና ከእሳት አልወረደም። ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ከሰል እያራገበች ነው። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ደወለች። እንኳን አደረሳችሁ ልትል መስሎኝ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። «አባዬ፣ ትርፌ ሞተች» አለች። ሰብለ አላለችም። ትርፌ ነው ያለችው። ባለቤቴ ማራገቢያዋን መሬት አስቀመጠችና «የማን ልጅ ናት?» አለችኝ። ከዘመድ መሃል መስሏታል።

ከዘመድ መሃል አልነበረችም ትላላችሁ? በየጊዜው ቤታችን እየገባች፣ እኛው ሶፋ ፊት ለፊት ስትነጫነጭ፣ ስታስቀን ኖራለች። ከአንዳንድ አጎቶቼ ይልቅ እሷን ነው የማውቀው።

ከዚያ ቆይቶ ፕሮግራሙ መጣ። አራት ሆነን ተቀምጠን አየን። ያው ቤት ነው። ያው ሰዎች ናቸው። አንዳችንም አልሳቅንም። ቀልዱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ጆሯችን የሚጠብቀው ሌላ ድምፅ ነበር። ሌላው ሰው ተናግሮ ዝም ሲል፣ እሷ የምትገባበት ቦታ ላይ ማንም አልገባም።

እዮብ መኮንን ነሐሴ 2005 ናይሮቢ ላይ ሲያርፍ «እንደ ቃል» የተሰኘው አልበሙ ሙሉ ነበር። ሚካያ በኃይሉም በ2006 ስታልፍ «ሸማመተው»ን ትታልናለች። እንዳለ አለ፣ ዛሬም ብትከፍቱት ምንም አይጎድለውም። ዘፈን ያለቀ ዕቃ ነው። የሲትኮም ተዋናይ ግን ከነቤተሰቡ መሃል ነው የሚሞተው። ወንበሩ ባዶውን ይቀራል። ከእሱ ጋር የሚነታረከው ሰው መልስ እየጠበቀ ይቀራል። ታዲያ ያንን ቤት ምንም እንዳልተፈጠረ መልሶ መክፈት ምን ይባላል?

ፈረንጆቹም ሞክረውታል። ፍሬዲ ፕሪንዝ የሚባል ልጅ ነበር። «ቺኮ ኤንድ ዘ ማን» የተባለው የአሜሪካ ሲትኮም ሕይወቱ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977፣ በ22 ዓመቱ ሞተ። አንድ ትንሽ ልጅ አምጥተው ክፍተቱን ሊሞሉ ሞከሩ። በዓመቱ፣ በ1978፣ ፕሮግራሙ አበቃ። ያኔውኑ በክብር ቢዘጉት ኖሮ ምን ነበረበት?

ባለሱቋ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የመንዝ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ጋ ጠዋት ጠዋት ጣት አያንቀሳቅስም።

ለቅሶ ካነሱ አይቀር እኔም ለቅሶ ላንሳ። አጎቴ የሞተ ጊዜ ድንኳኑ እኛ ግቢ ነበር። በሁለተኛው ሌሊት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የዕድር ሰዎች ብርድ ልብስ ተከናንበው ካርታ ይጫወታሉ። አንዱ ጎረቤታችን ካርታውን እየበወዘ አጎቴ በሬ ሊገዛ ገበያ ወጥቶ በግ እየነዳ የተመለሰበትን ቀን አነሳ። በጉም መንገድ ላይ አምልጦት ነበር። እናቴ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ የዋለች ሴት ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሊያባብሏት የተነሱ ሁሉ ነበሩ። እየሳቀች ነበር።

እና ጋሼ፣ እኛ አገር ሐዘን ቤት ሳቅ አይገባም ያለው ማን ነው? ሠልስት ሳይደርስ ይገባል። ካልገባ ሐዘንተኛው ያብዳል።

ደግሞ የፕሮግራሙን ስም ልብ ይበሉት። እንግዳ ደጅ ቆሞ ምን ብሎ ነው የሚጣራው? «ቤቶች!» ነው የሚለው። «ቤቶች!» ሲባል ከውስጥ አንድ ሰው «አቤት» ማለት አለበት። አንዱ ስለሌለ ሌላው ዝም አይልም። «አለቤ ሾው» ቢሆን ከእርስዎ ጋር ነኝ። አለባቸው ተካ በመኪና አደጋ ሲያልፍ ያንን ወንበር ልውረስ የሚል ቢመጣ እኔም እስቅበት ነበር። ፕሮግራሙ ሰውዬው ራሱ ነዋ። ጥላሁን ጉግሳና ባልደረቦቹ የሠሩት ግን ቤት ነው። ከካሜራው ጀርባ ያለውም በዚያ እንጀራ ልጅ ያሳድጋል። እሱንስ ምን እንበለው?

የፈረንጅ ምሳሌ እኔም አለኝ። ባለፈው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ቺርስ» የሚባል የድሮ ሲትኮም ሁሉንም ሲዝን አስጫነኝ። ቦስተን ያለ መጠጥ ቤት ነው ነገሩ። «ኮች» የሚባሉ ዝንጉ ሽማግሌ አሉበት። ተዋናዩ ኒኮላስ ኮላሳንቶ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሞተ። ወጣት እንኳ አልነበረም፣ 61 ዓመቱ ነበር። ሲትኮሙ አልቆመም። በታሪኩም ውስጥ ኮች ሞቱ ተባለና ዉዲ የሚባል የገጠር ልጅ ተቀጠረ። ኮላሳንቶ ግን መልበሻ ክፍሉ ውስጥ የጄሮኒሞን፣ የዚያን የአፓቼ ተዋጊ፣ ፎቶ ሰቅሎ ነበር አሉ። ባልደረቦቹ ፎቶውን አመጡና መጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ስምንት ዓመት እዚያው ኖረ። በ1993 የመጨረሻው ክፍል ላይ ባለቤቱ ሊዘጋ ሲል ሄደና የተንጋደደውን ፎቶ ቀና አደረገው። ምንም አልተናገረም። እኔ ሱቄ ውስጥ ቻርጀር ልትገዛ የመጣችን ልጅ አስቁሜ አለቀስኩ።

ፕሮግራሙ በ1985 ቢቆም ኖሮ ያንን ፎቶ ማን ያቃናው ነበር?

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በገበያ ቀን ከሞረትና ጅሩ በኩል የሚመጡ አንድ አባት አሉ። ጋቢ ደርበው ትንሿን ስልካቸውን ከጨርቅ ፈተው ይሰጡኛል። «ያችን የምታስቀዋን ልጅ ጫኝልኝ» ይሉኛል። ትርፌን ማለታቸው ነው። መሞቷን አያውቁም። አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ልንገራቸው?

መምህሩ

ልጄ፣ ብርዱስ ደህና ነው፣ ለምደነዋል። ከጓሳ የሚወርደው ነፋስ ነው እንጂ ክፉ።

ስለ ድንኳኑ የተናገርሽው ልክ ነው። እኔም ስንት ለቅሶ ቤት ስቄ ወጥቻለሁ። ግን አስተውይ። ጎረቤታችሁ ያሳቀው ስለ ሟቹ አንስቶ ነው። ሟቹን መሃል አስቀምጦ ነው። ሌላ ቀልድ አላመጣም። «ቤቶች!» ያልሽውም አምሯል፣ ይቺን ባስተማርኩበት ዘመን አግኝቻት ቢሆን ኖሮ። ነገር ግን ሐዘን ቤት ሲገባ «ቤቶች!» አይባልም። ዝም ተብሎ ነው የሚገባው።

ጄሮኒሞን ግን ተቀብያለሁ። የሚቀጥል ከሆነ እንዲህ ይቀጥል። እዚህ ላይ ሽንፈቴን በከፊል መዝግቢልኝ፣ ሙሉውን አይደለም። እኔን የሚያንገበግበኝ መቀጠሉ ብቻ አይደለም፤ የሚሰቀል ነገር ማጣታችን ነው። የእኛው የአንኮበር ልጅ፣ ሰዓሊው አፈወርቅ ተክሌ፣ በ2004 ሲያርፍ 79 ዓመቱ ነበር። በዕድሜው መኖሪያና መሥሪያ ቤቱን ቪላ አልፋን ሠርቶ ሥራውን በገዛ እጁ ሰቅሎ አየው። ዕድሜ ያገኘ ሰው ይህን ያህል ዕድል አለው። በአርባው የሚቀጠፍ ምስማሩን የሚመታለት ሌላ ሰው ነው። እኛ ምን መታንላቸው?

እኔ የማየውን ልንገርሽ። ልጆቼ ስልክ ላይ ያሳዩኛል። ግማሽ ደቂቃ የማትሞላ ቁራጭ። ትርፌ አፏን ከፍታ ልትናገር ስትል ምስሉ ይዘገያል፣ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ከሥሩ ዋሽንት ይነፋል። «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። የምትናገረው ቀልድ አይሰማም! ሴትዮዋ ዕድሜዋን የፈጀችው ለማሳቅ ነው። እኛ ድምጿን ዘግተን ዋሽንት ነፋንባት። የሞተ ተጎዳ ማለት ይኼ ነው።

ለጅሩው አባትም አትንገሪያቸው። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ናቸው በደንብ የሚያውቋት። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ምኑን ነው የጫንሽላቸው? ሙሉ ክፍል ነው ወይስ ቁርጥራጭ?

ባለሱቋ

ጋሼ፣ ይቺን ጥያቄ ባይጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

ቁርጥራጭ ነው። አሥራ ሁለት ነበሩ። ከጫንኩ በኋላ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው፣ ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ ማለቴ ነው። ዘጠኙ ላይ ዋሽንት አለ። ንጹሕ ሳቅ ያለባቸው ሦስቱ ብቻ ናቸው። አባትዬው እነዚያን ሦስቱን ደጋግመው ሲያዩ ኖረዋል ማለት ነው። ወይም ዋሽንቱንም የቀልዱ አካል አድርገውት ይሆናል።

የራሴንም ጉድ ላውጣው። ከዘጠኙ ሁለቱን የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ። ሰው ስለሚጠይቅ ነው። ማዲንጎ አፈወርቅ መስከረም 17 ቀን 2015፣ በመስቀል ዕለት ያረፈ ጊዜ፣ በማግስቱ ሱቄ በር ላይ ሰው ተሰልፏል። «የማዲንጎን፣ የማዲንጎን» ነው። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ከዚያ እንደ ድሮው ሆነ። ሳቅም ለቅሶም በሚሞሪ ይሸጣል፣ ለቅሶው ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ይሸጣል። እኔ ደግሞ የሱቅ ኪራይ አለብኝ። ይኼን የምለው ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም፣ ትንሽ ግን ነው።

ሆኖም ከአቋሜ አልወረድኩም። እንዲያውም ጠበቅ አድርጌዋለሁ። ፕሮግራሙ ያኔ ቢቆም ኖሮ የሚቀረን ይኼው ዋሽንት ብቻ ነበር። ስለቀጠለ ሰው ወደኋላ ይመለሳል። አዲሱን አይቶ «የድሮውን፣ ትርፌ ያለችበትን አለሽ?» የሚለኝ ደንበኛ አለ። በር ክፍት ስለሆነ ነው የሚገባው።

ለጅሩው አባት በሚቀጥለው ገበያ ሙሉ ክፍሎች እጭንላቸዋለሁ፣ ሚሞሪያቸው ጠባብ ነው፣ ከቻለ አራት ይይዛል። ለእርስዎም መላክ እፈልጋለሁ። ባለ 16 ጂቢ ፍላሽ አለኝ። ለመሐል ሜዳ መኪና ሹፌር እሰጠዋለሁ፣ የጣርማበር ጭጋግ ካልያዘው ማታ ይደርስዎታል። ቴሌቪዥንዎ ፍላሽ ያነባል አይደል? አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ከአደጋው በፊት ያሉትን ብቻ ልጫን ወይስ ከዚያ በኋላ ያሉትንም?

መምህሩ

ያነባል፣ ባለፈው የልጅ ልጄን ክርስትና አይተንበታል። የፍላሹን ዋጋ ለሹፌሩ እሰጠዋለሁ፣ እንዳትከራከሪኝ።

ሁለቱንም ጫኚው። ግን በተለያየ ፎልደር።