ድምፅ በፍሬም አይቆረጥም

የአንዲት አዛውንት እናትን ቃለ ምልልስ ኤዲት እያደረግኩ ነበር። ቡና እየተፈላ ነው የተቀረጸው። መሃል ላይ ጎረቤት በር ላይ ብቅ ሲል «ግባ፣ ዳቦ አለ» ይሉታል። ልክ «አለ» ሲሉ ሲኒ ከሲኒ ተጋጨ። ቅጭል የምትል ትንሽ ድምፅ ናት። እሷን ብቻ ላወጣ ፈለግኩ። የምሠራበት ፕሮግራም ግን የሚቆርጠው በሙሉ ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው በተሠራበት በአንድ ሙሉ ሥዕል ልክ ብቻ ነው። ቅጭልታዋ ደግሞ የሁለት ፍሬም ድንበር ላይ ወድቃለች። ሁለቱንም አንስቼ የቀረውን አገጣጠምኩት።

መልሼ ሳዳምጠው «ለ» ላልታለች። ዳቦ መኖሩን የነገሩት እናት፣ አንድ ሰው «ዳቦ» ማለቱን የሚያወሩ መሰሉ። በጽሑፍ ሁለቱም «አለ» ናቸው። በጆሮ ግን የሚለያቸው መጥበቅና መላላት ብቻ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ባለው ቪዲዮ አንድ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ድምፁ በ48,000 ሄርትዝ ከተቀዳ፣ ማለትም በሰከንድ 48,000 ጊዜ ከተለካ፣ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ 1,920 ሳምፕል (ነጠላ ልኬት) አለ። ድምፁን 1,920 ቦታ መቁረጥ እየተቻለ የሚፈቀድልን አንድ ቦታ ነው። 40 ሚሊሰከንድ ለዓይን ምንም አይደለችም። የ«ጠ» ወይም የ«ቀ» ፍንዳታ ግን እዚያ ውስጥ ገብታ ልትጠፋ ትችላለች። ቁርጡ ሞገዱ ከፍ ባለበት ቦታ ከወደቀ ደግሞ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይተዋል።

ይህ የማይፈታ ችግር ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ፋይናል ከት ፕሮ የተባለው የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ድምፅን እስከ አንድ ሰማንያኛ ፍሬም ድረስ ያስቆርጣል። ሌላው ፕሮግራም ፕሪሚየር ፕሮም ታይምላይኑን (ቁርጥራጮቹ የሚደረደሩበትን መስመር) በፍሬም ፈንታ በድምፅ ሳምፕል ለክቶ የሚያሳይ አማራጭ አለው፤ ሜኑ ውስጥ ስለተደበቀ ለዓመታት ሠርተው የማያውቁት አሉ። ብላክማጂክ ዲዛይን ደግሞ የአውስትራሊያውን የድምፅ ኩባንያ ፌርላይትን በ2016 ገዝቶ፣ በ2017 ዳቪንቺ ሪዞልቭ 14 በተባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ውስጥ የድምፅ ክፍል አድርጎ አስገባው። በነፃው ቅጂ ውስጥም አለ። የኔ ጥያቄ ይህ ልዩ ነገር መሆኑ ለምን አላበቃም ነው። ሥዕሉ በፍሬም ይቆረጥ፣ ድምፁ በራሱ ልክ ይቆረጥ። ማንም ሜኑ ሳይጎረጉር፣ ስልክ ላይም ጭምር። እያንዳንዱ ቁርጥ ላይ ጥቂት ሚሊሰከንድ የሚሆን ማለስለሻ በራሱ ይግባ። ዛሬ ብዙ ወጣት ሙሉ ሥራውን ስልኩ ላይ ነው የሚጨርሰው።

ሙዚቃን ከንግግር ጋር ማዋሃድም እንዲሁ ነው። ሰው ሲናገር ማጀቢያውን ዝቅ የሚያደርግ አውቶማቲክ መሣሪያ በብዙ ሶፍትዌር አለ። ለክራር ይሠራል፤ ክራር መታ አድርጎ ይተዋል። መሰንቆ ግን እንደ ሰው ይዘፍናል። ዝቅ ብታደርጉትም ከተናጋሪው ድምፅ ጋር ቦታ ይጋፋል። የሚያስፈልገው ንግግሩ የሚሰማበትን መሃለኛውን የድምፅ ክልል ብቻ ከመሰንቆው ላይ መቀነስ ነው። ይህን የሚሠራውን ኢኪው (የድምፅን ክልሎች ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) የድምፅ መጠን ማስተካከያው አጠገብ ማስቀመጥ ምን ያህል ይከብዳል?

የድምፅ መጠን መለኪያውም ከመጀመሪያው ክፍት ይሁን። ዩቲዩብ በጣም የጮኸውን ቪዲዮ ወደ −14 ኤልዩኤፍኤስ (ጆሮ የሚሰማው የድምፅ ከፍታ መለኪያ) አካባቢ ያወርዳል፤ ዝቅ ያለውን ግን አያነሳውም። ይህን የማያውቅ ሰው ቪዲዮው ለምን ከሌሎቹ ቀጥሎ ሲከፈት እንደሚያንስ አይገባውም። ድምፁን በሙሉ አቅም ከፍ አድርጎ ይጭነዋል፣ ድምፁም ይፈነዳል።

የእናትየውን ነገር እንዴት ጨረስኩት መሰላችሁ? ድምፁን አውጥቼ ወደ ሌላ የድምፅ ፕሮግራም ወሰድኩት። እዚያ ቅጭልታዋን ብቻ አነሳሁ። «ለ» እንደጠበቀች ቀረች። መልሼ ከሥዕሉ ጋር ገጠምኩት። በማግስቱ ባለቤቶቹ ከመጀመሪያው ክፍል ላይ አንድ ደቂቃ እንዲቀነስ ጠየቁ። ያወጣሁት ድምፅ ከአዲሱ ሥዕል ጋር አልገጥም አለ። ሥራውን እንደገና ከሀ ጀመርኩ።