ይድረስ ለተከበሩ የፍለጋ ሞተር ሸረሪት፣ ባሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ድረ ገጼም ደህና ነው፤ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም እንጂ።

ሥራ ካስጀመርሁት እነሆ ስድስተኛ ሳምንቱን ያዘ። ድረ ገጾችን እየዞረ የሚያነብና ሰው ፈልጎ እንዲያገኛቸው የሚመዘግብ ፕሮግራም እርስዎ ስለሆኑ፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ደጁን ጠርጌ፣ ሳይትማፕ የሚሉትን የገጾች ዝርዝር አሰናድቼ ልኬልዎታለሁ። አንድ ሳይትማፕ እስከ 50,000 አድራሻ እንደሚይዝ አውቃለሁ። የእኔ 11 ናቸው። ዐይንዎን ጨፍነው ይጨርሷቸዋል ብዬ ነበር።

የላኩልኝ መልስ ግን «ተገኝቷል፤ ለጊዜው አልተመዘገበም» የሚል ሆነ። ይህችን «ለጊዜው» የምትል ቃል የመረጠልዎትን ሰው አደንቃለሁ። እምቢታ ናት እንዳይሏት ተስፋ ትሰጣለች፤ ተስፋ ናት እንዳይሏት ቀን የላትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አራቱን ገጾች አሻሻሉልኝ፦ «ተጎብኝቷል፤ ለጊዜው አልተመዘገበም።» ቀድሞ ሳያዩ ነበር የናቁኝ፤ አሁን አይተው ናቁኝ። ዕድገት ነው፤ አመሰግናለሁ።

የምዝገባ መጠየቂያውን ቁልፍ በየማለዳው ስጫን ሰነበትሁ። ደጋግሞ መጫን ወረፋውን እንደማያፋጥን ከራስዎ መመሪያ ያነበብሁት ጣቴ ከለመደ በኋላ ነው። (በአንድ ቀን አንደኛ እናደርግሃለን እያሉ ደብዳቤ የሚልኩልኝ ሰዎች ግን እንደ እርስዎ አይደሉም፤ እነርሱ ወዲያው አገኙኝ።)

በመጨረሻ የሰርቨሩን የጎብኚ መዝገብ አገላበጥሁ። ለካስ እንደገና መጥተዋል! ሌሊት በ9 ሰዓት ከ14 ደቂቃ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ። ሮቦትስ የሚባለውን ፋይል ጠየቁ፣ ተሰጠዎት፣ ሄዱ። በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አንብቦ፣ ደጁን ሳያንኳኳ የሚመለስ እንግዳ ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለ ፋይሉ ካነሳን አይቀር፣ ሸረሪቶች የት እንዲገቡና የት እንዳይገቡ የሚነግረውን ይህን ደንብ የድር ባለሙያው ማርታይን ኮስተር ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። የኢንተርኔት የደረጃ ሰነድ ሆኖ ቁጥር 9309 የተሰጠው ደግሞ በ2022። እርስዎ የሚያከብሩት ደንብ ራሱ 28 ዓመት ደጅ ከጠና የእኔ ስድስት ሳምንት ምን ያስወራል?

አሁን ወደ ዋናው አቤቱታዬ ልምጣ። ባለፈው ሰኞ ከድረ ገጼ ምን ያህሉን እንደመዘገቡ ለማየት በራስዎ ሳጥን ፈለግሁ። አንድ ውጤት መጣ። ልቤ ዘለለ። ሳየው «ሙከራ-2» የሚባለው ገጽ ነው! የቀለም ምርጫ የሞከርሁበት፣ «እዚህ ጽሑፍ ይገባል» የሚል ዐረፍተ ነገር 14 ጊዜ የተደጋገመበት ገጽ። ከሁሉም መርጬ በሮቦትስ ፋይሉ «አይግቡ» ያልሁዎት እርሱን ብቻ ነበር።

አልገቡም፤ አልዋሽብዎትም። ከውጤቱ ሥር ስለ ገጹ መግለጫ እንደሌለ ጽፈዋል። ሳይገቡ ነው የመዘገቡት። አስተያየት እንዲሰጠኝ ገጹን ያሳየሁት ወዳጄ «ይህን ጉድ እዩ» ብሎ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ማያያዣ አድርጎት ኖሯል። እርስዎም ያንኑ ርእስ አድርገው አወጡት። ዛሬ በዓለም ፊት የምታወቀው በ«ይህን ጉድ እዩ» ነው።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሸረሪት ከግብዣ ይልቅ በክር መሄድ ይመርጣል። እኔ 11 አድራሻ በእጄ ስልክልዎ ወደ አንዳቸውም የሚያደርስ የሌላ ሰው ክር አልነበረም። ወዳጄ በሦስት ቃል የዘረጋልኝን እኔ በስድስት ሳምንት ልመና አላገኘሁትም።

ገጹን ከመዝገብዎ ለማስፋቅ ብጠይቅ ደግሞ ሌላ ጉድ ተነገረኝ። ገጹ ላይ ከጅምሩ «አይመዝገብ» የሚል ምልክት፣ ኖኢንዴክስ የሚሉትን፣ ለጥፌ ነበር። ለካስ በሩን ስለዘጋሁብዎ ምልክቱን አላዩትም። እንዳይመዘግቡኝ በመጀመሪያ ማስገባት አለብኝ!

ትናንት በሩን ከፍቼዋለሁ። ምልክቱም እንደተለጠፈ ነው። መጥተው እስኪያነቡት እጠብቃለሁ፤ ሌሊት ቢሆንም ግድ የለኝም።

ደጅ ጠኚዎ፣
የ«ሙከራ-2» ባለቤት